ከቀተለ እስከ ዌንት፦ የግስ ትምህርት በጎንደር

ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1636 በዐፄ ፋሲል የነገሥታት መቀመጫ ስትሆን ከቤተ መንግሥቱ ጋር አብያተ ክርስቲያናት፣ በየአጥሩም ሥር ጉባኤ ቤቶች ተተከሉ። የበአታ ቤተ ክርስቲያን በአቋቋም፣ የከተማዋ የመጻሕፍት ጉባኤዎች በትርጓሜ ታወቁ። ቅኔ ፈላጊው ተማሪ ብዙውን ጊዜ ወደ ጎጃም ወይም ወደ ዋድላ ይወርዳል፤ ከጎጃሞቹ ዋሸራና ጎንጅ ተቀኝቶ የወጣው ደግሞ ለትርጓሜ ወደ ጎንደር ይመጣል። በየትኛውም በኩል ቢሄድ ግስ ሳያወርድ የሚያልፈው በር አልነበረም።

የግሱ ሥርዓት ጥብቅ ነው። ግሶች በድምፅ መልካቸው ተመድበው ለየምድቡ አለቃ ተሾሞለታል። ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ባረከ፣ ክህለ አርእስተ ግስ ከሚባሉት ከእነዚህ አለቆች መካከል ናቸው፤ ቁጥራቸውና ምርጫቸው ከቤት ቤት ይለያያል። ተማሪው አንዱን አለቃ ይዞ በቀዳማይ፣ በካልዓይ፣ በዘንድና በትእዛዝ ያረባል። ቀጥሎ በአምስቱ አዕማድ ያዞረዋል፦ አድራጊው ቀተለ፣ አስደራጊው አቅተለ፣ ተደራጊው ተቀትለ፣ ተደራራጊው ተቃተለ፣ አደራራጊው አስተቃተለ። ዐረፍተ ነገር የሚዘጋው ማሰሪያ አንቀጽ፣ ሳይዘጋ የሚያሳልፈው ቦዝ አንቀጽ፣ ጊዜና ባለቤት የማይለየው ንዑስ አንቀጽ፣ እንደ ውእቱና ቦ ያለው ነባር አንቀጽ ሁሉም የየራሳቸው ስምና ስፍራ አላቸው።

ይህ በቃል ሲወርድ የኖረ እውቀት አውሮፓ ማተሚያ ቤት ከደረሰባቸው መንገዶች አንዱ አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። እኒህ የመካነ ሥላሴ ሰው እ.ኤ.አ. በ1652 ጀርመን አገር ጎታ ከተማ ድረስ ሄደው ሂዮብ ሉዶልፍን አስተማሩ። ሉዶልፍ በ1661 የግእዝ፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። መጻሕፍቱ የሉዶልፍን ስም ቢይዙም ምላሱ የኢትዮጵያዊው መምህር ነበር።

አገሬው በራሱ ቋንቋ ሰዋስው ማተም የጀመረው ዘግይቶ ነው። የበጌምድሩ፣ የይፋግ ተወላጅ አለቃ ታየ ገብረ ማርያም ምጽዋ አጠገብ ባለችው ሞንኩሉ በ1889 ዓ.ም. መጽሐፈ ሰዋስው አሳተሙ፤ ኋላም እ.ኤ.አ. ከ1905 እስከ 1908 በርሊን ላይ አስተማሩ። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ትልቁ የግስና የመዝገበ ቃላት መጽሐፍ ደራሲው ካረፉ በኋላ በ1948 ዓ.ም. ወጣ። በ1987 ዓ.ም. ደግሞ የባዬ ይማም የአማርኛ ሰዋስው የዘመኑን የቋንቋ ሳይንስ ይዞ መጣ።

ከጣሊያን ወረራ ነፃ ከወጣን በኋላ እንግሊዝኛ በትምህርት ቤት ሲነግሥ ይህ ሁሉ ደጅ ቀረ። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ መነሻ፣ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ተማሪ ይሻ ነበር። ዛሬም በዳባትና በደባርቅ ያለ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ሳይንሱንም ሒሳቡንም በእንግሊዝኛ ይቀበላል። የእንግሊዝኛን ግስ ግን አባቶቹ ግስን ጨርሶ እንዳላወቁ ሆኖ ከዜሮ ይጀምራል።

እስቲ ሁለቱን እናስተያይ። ሲንግ፣ ሳንግ፣ ሰንግ ሲባል ተነባቢዎቹ ቆመው አናባቢው ብቻ ይለወጣል፤ ቀተለ፣ ይቀትል ብሎ ያረባ ሰው ይህ አይገርመውም። ጎ ያለው ግስ በኃላፊ ጊዜ ዌንት የሚሆነው ዌንድ ከሚባል ሌላ ግስ ተውሶ ነው፤ አማርኛም «መጣ» ብሎ ሲያዝ «ና» ይላል። ኢዝ ወደ ዎዝ መለወጡም ከእኛው ነውና ነበረ ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው። ተሻጋሪና የማይሻገር ግስ ለመለየት ገቢርና ተገብሮን ያወቀ ተማሪ ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ጭንቁ ያለው ልዩነቱ ላይ ነው። አማርኛ «ሰበርኩት» ብሎ አድራጊውንም ተደራጊውንም በአንድ ቃል ሲቋጥር፣ እንግሊዝኛ አይ ብሮክ ኢት ብሎ ሦስት ቃል ይደረድራል፤ ስለዚህ ተማሪያችን መጨረሻዋን ኢት ይረሳታል። አማርኛ አፍራሹን ከግሱ ጋር «አልሰበርኩም» ብሎ ሲያጣብቅ እንግሊዝኛ ዱ የተባለ ረዳት ግስ ይጠራል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ሲያስር እንግሊዝኛ ከባለቤቱ ቀጥሎ ያስቀምጠዋል። ስህተቶቹ የስንፍና አይደሉም፤ የሁለት ሥርዓት ግጭት ናቸው፤ የሚታረሙትም ግጭቱ በስሙ ሲጠራ ነው።

ስለዚህ ለእንግሊዝኛ መምህራን አንድ ቃል፦ መደበኛ ያልሆኑትን ግሶች ሰንጠረዥ ከማሸምደዳችሁ በፊት አንድ የአማርኛ ግስ በአምስቱ አዕማድ አስረቡ። ለመምህራን ኮሌጆችም፦ የቅኔ መምህሩን ለአንድ ክፍለ ጊዜ ጋብዙት። ግስን በዓይነቱ መለየት ለጎንደር ልጅ የባዕድ ትምህርት አይደለም፤ ባዕድ ያደረግነው እኛ ነን።