የሰርቨርን ሥርዓት ስለ ማደስና እንደ አዲስ ስለ መትከል

የብዙ ሰዎችን ሥራ በአንድነት ተሸክመው ሌሊትና ቀን የሚያገለግሉትን ሰርቨሮች የሚጠብቁ ባለሙያዎች በየጥቂት ዓመቱ ሳይወዱ የሚገናኙት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የሰርቨሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዘመኑ ሲፈጸምና አዘጋጁ የደኅንነት ማስተካከያ መላኩን ሊያቋርጥ ሲል፣ አዲሱን እትም በአሮጌው ላይ እየተኩ ማሳደግ ይሻላልን፣ ወይስ ዲስኩን ደምስሶ ሁሉን ከመሠረቱ እንደ አዲስ መጫን ይበጃል የሚል ነው። ስለዚህ ጥያቄ የሙያው ሰዎች ለብዙ ዘመን ተከራክረዋል፤ እያንዳንዱም ወገን ለራሱ በቂ ምክንያት አለው። ነገር ግን የክርክሩን ታሪክ ከጥንቱ ጀምሮ በትዕግሥት ለመረመረ ሰው፣ መልሱ በየዘመኑ በአንድ ነገር ላይ ጸንቶ ይገኛል፤ ይኸውም በማሽኑ ላይ የተደረገው ሁሉ ከማሽኑ ውጭ በጽሑፍ መገኘቱና አለመገኘቱ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

የነገሩን ጥንት የሚሻ ሰው ወደ 1964 መመለስ ይገባዋል። በዚያ ዓመት በኤፕሪል 7 ቀን አይቢኤም ሲስተም 360 የተባለውን የኮምፒውተር ቤተሰብ ባስታወቀ ጊዜ፣ ቀድሞ አዲስ ኮምፒውተር የገዛ ድርጅት ብዙ ጊዜ ፕሮግራሞቹን እንደገና ለማስጻፍ ይገደድ ነበርና፣ ይህን ችግር ለማስቀረት በአንዱ ሞዴል ላይ የተጻፈው በሌላውም ላይ እንዲሠራ ተስፋ ሰጠ። ፍሬድ ብሩክስ የመራው ኦኤስ 360 የተባለው ሥርዓት ከተቀጠረለት ጊዜ ዘግይቶ ቢወጣም፣ ተስፋው በዋናው ነገር ተፈጸመ። በዚያ ዘመን ሥርዓቱ እንደ ዛሬው አልቆ ተሰናድቶ የሚመጣ አልነበረም፤ የየድርጅቱ ባለሙያዎች ያሏቸውን ዲስኮች፣ ቴፖችና ማተሚያዎች አንድ በአንድ በካርድ ላይ ዘርዝረው፣ ከአምራቹ ከመጣው ቅጂ ለራሳቸው ማሽን የሚስማማውን ሥርዓት ያመነጩ ነበር፤ ሥራውንም ሲስጄን ይሉት ነበር። አዲስ እትም ሲመጣም ይኸው ማመንጨት ይደገማል። እንግዲህ ዝርዝሩንና በቤት የተደረገውን እርማት የያዙት ካርዶች በሥርዓት የተቀመጡለት ድርጅት ሥራው ይቀናለታል፤ ካርዶቹ የጠፉበት ግን ማሽኑ በፊቱ ቆሞ እየሠራ ሳለ የማሽኑን ነገር እንደ እንግዳ ከጥንቱ ሊመረምር ይገደዳል።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1969፣ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ላብራቶሪ የዩኒክስን መሠረት ጣሉ፤ በ1973ም ሥርዓቱ ሲ በተባለው ቋንቋ እንደገና ከተጻፈ ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች ከነምንጭ ጽሑፉ በመግነጢሳዊ ቴፕ ይቀበሉት ጀመር። ምንጩ በእጃቸው ነበርና እያንዳንዱ ተቋም እንደ ፈቃዱ ያርመው፣ ይጨምርበትና ይቀንስበት ነበር፤ ቢል ጆይ በ1978 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከበርክሊ ማሰራጨት የጀመረው ስብስብም የዚሁ ልማድ ፍሬ ነው። ይሁን እንጂ ነጻነቱ የራሱን ዕዳ ይዞ መጣ፤ አዲስ ቴፕ በደረሰ ጊዜ በአሮጌው ላይ የተደረገው የቤት እርማት ሁሉ በአዲሱ ላይ እንደገና መሠራት ነበረበትና፣ እርማቱን ያደረገው ሰው ከስፍራው የሄደ እንደ ሆነ፣ ምን እንዳደረገና ስለ ምን እንዳደረገው የሚያስረዳ አይገኝም ነበር። ተቋማቱ የራሳቸውን ፕሮግራም ከአዘጋጁ ፕሮግራም ለይተው ዩዘር ሎካል በተባለው ስፍራ የማኖር ልማድ ያጸኑት ከዚህ የተነሣ ነው፤ ልማዱም እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል።

በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የሊኑክስን ከርነል ለሕዝብ አቀረበ፤ ከርነል ብቻውን ሙሉ ሥርዓት አይሆንምና፣ ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋራ አስተባብሮ የሚያቀርበው አዘጋጅ አስፈለገ። በ1993 በጁላይ ወር ፓትሪክ ቮልከርዲንግ ስላክዌርን፣ በዚያው ዓመት በኦገስት 16 ቀን ደግሞ ኢያን መርዶክ ደቢያንን አስታወቁ። የስላክዌር ፓኬጆች አንዱ ለሌላው የሚያስፈልግ መሆኑን የሚመዘግቡ ስላልነበሩ፣ ሥርዓቱን ማሳደግ በጠባቂው ጥንቃቄ ብቻ የቆመ ሥራ ነበር። የደቢያን ሰዎች ግን ሰርቨር ሳይደመሰስ ከእትም ወደ እትም ሊሻገር ይገባዋል የሚለውን አሳብ እንደ ቀኖና ይዘው፣ ዲፒኬጂ በተባለው መሣሪያ አማካይነት የፓኬጆችን ዝምድና ሁሉ መመዝገብን ሥርዓት አደረጉት።

የዚህ መሣሪያ ጥበብ ይልቁንም የሚታየው ኢቲሲ በተባለው ማኅደር ውስጥ ስላሉት የቅንብር ፋይሎች በደነገገው ሕግ ነው። ፓኬጁ ሲጫን የፋይሉን አሻራ መዝግቦ ያኖራል፤ አዲስ እትም በመጣ ጊዜ ፋይሉ ሳይነካ ቆይቶ ቢያገኘው ያለ አንዳች ጥያቄ በአዲሱ ይተካዋል፤ ጠባቂው ለውጦት አዘጋጁ ግን ባይለውጠው የጠባቂውን ይጠብቃል፤ ሁለቱም የለወጡት እንደ ሆነ ሥራውን ገትቶ፣ ከሁለቱ የትኛው ይጽና ብሎ ይጠይቃል። ሰውና አዘጋጅ በአንድ ፋይል ላይ ሲገናኙ የሰውን እጅ ሥራ በዝምታ አለማጥፋት፣ ይህ ትንሽ የሚመስል ሥርዓት፣ በማሳደግ ላይ ለሚታመኑት ሁሉ የመታመናቸው መሠረት ሆነ።

ጽኑው ፈተና የመጣው በጁላይ 1998፣ ሐም በተባለው በደቢያን 2.0 ነበር። ፕሮግራሞች ሁሉ የሚጠሩት የሲ ቤተ መጻሕፍት በዚያ ጊዜ ከአምስተኛው ወደ ስድስተኛው ትውልድ ተሻገረ፤ ይህ መሠረት ሲለወጥ በላዩ የቆሙት ሁሉ በትክክለኛው ቅደም ተከተል አብረው ካልተለወጡ፣ ፓኬጆችን የሚጭነው መሣሪያ ራሱ እንኳ ሊቆም ይችላልና፣ ቅደም ተከተሉን የሚጠብቅ ልዩ ስክሪፕት ለሕዝብ ቀረበ። በማርች 1999 ከወጣው ከደቢያን 2.1 ጋራ ደግሞ ኤፒቲ የተባለው መሣሪያ መጣ፤ የሚያስፈልገውን ሁሉ ከኔትወርክ አምጥቶ፣ ተራውን ራሱ አስልቶ፣ ሥርዓቱን በሙሉ ያሳድግ ጀመር። ቢሆንም አንድ ሕግ ጸና፤ ከአንዱ እትም ወደሚቀጥለው መሻገር እንጂ በመካከል ያለውን መዝለል አይፈቀድም፤ ብዙ ዓመት የቸልታ ዕንቅልፍ የተኛ ጠባቂም የዘለላቸውን እትሞች ሁሉ አንድ በአንድ ማለፍ ግድ ይሆንበታል።

ሬድ ሃት የሄደበት መንገድ ሌላ ነበር። ይህ ድርጅት አርፒኤም የተባለውን የፓኬጅ ሥርዓት በ1995 አውጥቶ፣ በ2002ም ለታላላቅ ድርጅቶች የተሰናዳውን እትሙን ለገበያ ባቀረበ ጊዜ፣ አንዱን እትም ለብዙ ዓመታት ሳይለውጥ ለመጠበቅ ቃል ገባ፤ ከዋና እትም ወደ ዋና እትም የመሻገሪያው መንገድ ግን ለረጅም ዘመን በአዲስ ማሽን ላይ እንደ አዲስ መጫን እንዲሆን ይመክር ነበር። ምክንያቱም የታወቀ ነው፤ በሁለት ዋና እትሞች መካከል ብዙ ዓመታት ስለሚያልፉ ከርነሉም፣ ቤተ መጻሕፍቱም፣ አገልግሎቶች የሚነሡበትም ሥርዓት ይለወጣል፤ ከብዙ ሺህ ማሽኖች መካከልም ሁለቱ እንኳ በቅንብራቸው ፈጽመው አይመሳሰሉምና፣ ለሁሉ የሚበቃ መሻገሪያ አዘጋጅቶ ኀላፊነቱን መሸከም እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ በማሳደግ ፈንታ ኪክስታርት የተባለውን መሣሪያ አቀረበ፤ ጫኙ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች መልስ ሁሉ አስቀድሞ በአንድ ፋይል ተጽፎ ስለሚሰጠው፣ ማሽኑ ያለ ሰው እጅ ራሱን ይተክላል። ሊፕ የተባለው መሣሪያ ከሰባተኛው ወደ ስምንተኛው እትም በቦታው እንዲያሻግር የመጣው ገና በ2019 ነው።

የማይክሮሶፍትም ታሪክ ከዚሁ ጋራ ይስማማል። ከዊንዶውስ ኤንቲ ጀምሮ በአሮጌው ላይ የማሳደግ መንገድ ይሰጥ ነበር፤ ነገር ግን በ2009 የወጣው ሰርቨር 2008 አር2 ባለ 64 ቢት ብቻ ስለ ሆነ፣ በ32 ቢት ይሠሩ የነበሩት ሰርቨሮች ሁሉ ምርጫቸውን ተነጠቁና እንደ አዲስ መጫን ግድ ሆነባቸው። የሰርቨር 2003 ድጋፍ በጁላይ 14 ቀን 2015 ሲቋረጥ ይህ ግዴታ ብዙዎችን ያስጨነቀው፣ አዲሱን መጫን አስቸጋሪ ስለ ሆነ ሳይሆን፣ በአሮጌው ውስጥ ምን ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ስለ ጠፋ ነበር።

ይህን ጭንቀት የእኛ አገር አንባቢ ከቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ጋራ አስተያይቶ በቀላሉ ይረዳዋል። በጥንታውያን አድባራትና ገዳማት የሚገኙት የወንጌል ብራናዎች ከቅዱስ ጽሑፉ ሌላ በኅዳጋቸውና ባዶ በቀረው ገጻቸው የርስትና የጉልት ድንጋጌ፣ የስጦታ ዝርዝርና የምስክሮች ስም ተጽፎባቸዋል። ብራናው አርጅቶ ቁም ጸሐፊው በአዲስ ብራና ሲገለብጠው ወንጌሉን ብቻ ጽፎ የኅዳጉን ቢተወው፣ የወንጌሉ ቃል ሳይጎድል ደብሩ የመሬቱን ማስረጃ ያጣል። በሰርቨርም የወንጌሉን ስፍራ የሚይዘው አዘጋጁ የሚሰጠው ሥርዓት ነው፤ እርሱ ከየትም ይገኛል። በኅዳግ የተጻፈው ግን፣ በሌሊት የሚነሣው ትንሽ ሥራ፣ የምስክር ወረቀቱ ቦታ፣ ለአንድ ፎልደር የተሰጠው ፈቃድ፣ አንድ ጠባቂ በችግር ጊዜ የለወጠው አንድ መሥመር፣ ከማሽኑ በቀር ሌላ መዝገብ ላይኖረው ይችላል።

የኅዳጉን ጽሑፍ ከማሽኑ አውጥቶ በሌላ መዝገብ የማኖር ጥበብ ከሊኑክስ አዘጋጆች ጋራ በአንድ ዘመን ተወለደ። በ1993 ማርክ በርጀስ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሲኤፍኢንጂን የተባለውን መሣሪያ ሠራ፤ ጠባቂው የማሽኑ ሁኔታ ምን ሊሆን እንደሚገባ ይጽፋል፤ መሣሪያውም ማሽኑን ከጽሑፉ ጋራ እያስተያየ ያርመዋል። በ2005 ፐፔት፣ በ2012ም አንሲብል ይህንኑ አሳብ ለብዙ ሰዎች አደረሱ። በ2006 አማዞን በኪራይ የሚገኙ ምናባዊ ማሽኖችን ማቅረብ ከጀመረና ዶከርም በ2013 ከወጣ በኋላ፣ አዲስ ማሽን ማግኘት የደቂቃዎች ጉዳይ ስለ ሆነ፣ አንድን ሰርቨር ፈጽሞ አለማሳደግ፣ ይልቁንም ከጽሑፉ አዲስ ሠርቶ በአሮጌው አጠገብ ማቆም፣ ፈትኖም ተጠቃሚዎቹን ወደ አዲሱ ማዞር የብዙዎች ልማድ ሆነ። በዚህ ልማድ አሮጌው ማሽን ሳይነካ ስለሚቆይ፣ ችግር ቢደርስ ተመልሶ መያዝ ይቻላል፤ በቦታው የሚደረግ ማሳደግ ግን በመካከል ቢሰናከል የሚያድነው አስቀድሞ የተያዘ መጠባበቂያ ቅጂ ብቻ ነው።

ሆኖም እንደ አዲስ መጫን ራሱ የውሂብን ነገር ሊረሳ አይገባውም። በ2018 የወጣው የሲ ቤተ መጻሕፍት 2.28 እትም የፊደላትን የአደራደር ሥርዓት በብዙ ቋንቋዎች ለወጠ፤ በ2019 ከደቢያን 9 ወደ 10 የተሻገሩ፣ ፖስትግሬኤስኪውኤል የተባለውን የውሂብ ማከማቻ የያዙ ሰርቨሮችም፣ በአሮጌው ተራ የተደረደሩት የጽሑፍ ማውጫዎቻቸው ከአዲሱ ተራ ጋራ ባለመስማማታቸው፣ ማውጫዎቹ እንደገና ካልተሠሩ ያለውን መዝገብ የለም ብለው ሊመልሱ የሚችሉ ሆኑ። ማሳደጉ ያለ አንዳች የስሕተት ምልክት ተፈጽሞ ሳለ ጕዳቱ በዝምታ ይደርሳል። ሥርዓቱን እንደ አዲስ ጭኖ አሮጌዎቹን የውሂብ ፋይሎች እንዳሉ የመለሰውም ከዚሁ አያመልጥም፤ የሚያመልጠው ውሂቡን በጽሑፍ መልክ አውጥቶ በአዲሱ ላይ ያስገባው ነው፤ ማውጫዎቹ በዚያ ጊዜ እንደገና ይሠራሉና።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምንረዳው ፍርድ ይህ ነው። ሰርቨሩ በጠላት እጅ ተደፍሮ እንደ ሆነ፣ ወይም የዲስኩ አከፋፈልና የፋይሉ ሥርዓት ከመሠረቱ መለወጥ ያለበት እንደ ሆነ፣ ክርክር አያስፈልግም፤ ተደምስሶ እንደ አዲስ ይጫን። ከዚህ ውጭ ባለው ጊዜ ግን ማሳደግ ያልተጻፈውን መልካም ነገር ሁሉ ሲጠብቅ ያልተጻፈውን ክፉ ነገር፣ የተረሳውን ተጠቃሚና የተተወውን ፕሮግራም ጭምር፣ አብሮ ይጠብቃል፤ እንደ አዲስ መጫንም ሁለቱን አብሮ ያጠፋል። ስለዚህ አስተዋይ ጠባቂ የአሮጌው እትም ድጋፍ ከማለቁ ብዙ ወራት አስቀድሞ፣ አገልጋዩን ማሽን ሳይነካ፣ በሌላ ማሽን ላይ በእጁ ካለው ጽሑፍ ብቻ ሰርቨሩን እንደገና ለመሥራት ይሞክር። የተሠራው እንደ ቀድሞው ካገለገለ ጽሑፉ ሙሉ ነውና አሮጌውን ያለ ሥጋት ይደምስስ፤ ካላገለገለም የጎደለውን አንድ በአንድ መዝግቦ፣ ለዚህ ጊዜ በማሳደግ ይሻገር፣ መዝገቡንም ከሚቀጥለው እትም በፊት ይፈጽም። ይህን ያደረገ ሰው ከሁለቱ መንገዶች የፈለገውን ለመምረጥ ሥልጣን አለው፤ ለሚተካውም ባልደረባ ከማሽኑ ጋራ ዕውቀቱን ያስረክበዋል።