ታንክ ስለተባለው የወርቅ ሰዓት

ታንክ ሲባል በዓይናችን የሚመጣው ብረት ነው፤ ወርቅ አይደለም። የፓሪሱ ጌጥ ሠሪ ሉዊ ካርቲዬ በ1917 ነድፎ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በ1919 ለገበያ ያወጣው የወርቅ የእጅ ሰዓት ግን ስሙ ታንክ ነው። ፈረንሳይ ወጣቶቿን በየምሽጉ በምትቀብርበት ጊዜ የሀብታም ጌጥ በጦር መሣሪያ ስም የተጠራው እንዴት ነው? መልሱ ቀፎው ላይ ያለ ይመስለናል።

ከጦርነቱ በፊት የእጅ ሰዓት በአብዛኛው የሴት ጌጥ ነበር። ወንዱ ሰዓቱን በሰንሰለት አንጠልጥሎ ኪሱ ይከታል። ምሽግ ውስጥ ታዲያ ይህ የማይሆን ነገር ሆነ፤ መድፉ በደቂቃ ተቆጥሮ ሲተኮስና እግረኛው በደቂቃ ተቆጥሮ ሲነሣ፣ ካፖርቱን ፈቶ ኪሱን የሚዳብስ መኮንን ከየት ይመጣል! ስለዚህ በትንንሽ የኪስ ሰዓቶች ግራና ቀኝ የሽቦ ቀለበት ተበየደ፤ በቀለበቱም የቆዳ ማሰሪያ ገባ። ካርቲዬ ራሱ በ1904 ለአውሮፕላን አብራሪው ለሳንቶስ ዱሞን የእጅ ሰዓት ሠርቶ ነበር፤ ነገሩን የብዙ ወንዶች ልማድ ያደረገው ግን ጦርነቱ ነው።

አሁን ቀፎውን እንመልከት። ክብ አይደለም። ግራና ቀኝ ሁለት ቀጥ ያሉ የወርቅ ዘንጎች ቆመዋል፤ ከላይም ከታችም ከሰዓቱ ፊት አልፈው ይወጣሉ፤ ማሰሪያውም የሚገባው በጫፎቻቸው መካከል ነው። ተበይዶ የተለጠፈ ቀለበት የለም፤ ጌጡም መያዣውም አንድ ሆነዋል። ታንክን ከላይ ወደ ታች ብናየው የሚታየን ይኸው ነው፦ ሁለት ሰንሰለቶች፣ በመካከላቸውም አካሉ። መሙያው ላይ ያለችው ሰማያዊ ድንጋይ ብቻ የጌጥ ቤቱን ታስታውሳለች። ዘንጎቹን ፈረንሳዮቹ ብራንካር ይሏቸዋል። ብራንካር በቋንቋቸው ቁስለኛ የሚነሣበት ቃሬዛም ነው።

መነሻው የሬኖ ታንክ ነው ሲባል እንሰማለን። ነገር ግን ሬኖው ለመጀመሪያ ጊዜ የተዋጋው ግንቦት 31 ቀን 1918 ነው፤ ሰዓቱ ሲነደፍ ገና በሙከራና በዝግጅት ላይ ነበር። ሚያዝያ 16 ቀን 1917 ወደ ጦር ሜዳ የገቡት የፈረንሳይ ታንኮች ሽናይደሮች ናቸው፤ ብዙዎቹም ከነሰዎቻቸው ተቃጥለዋል። ከእነዚህ ይልቅ ድል ያየው ሬኖ ለሻጭ ይመቻል፣ አይደል?

ከዚያ በኋላ ቀፎው እየለሰለሰ ሄደ። በ1922 ማዕዘኖቹ ተድበለበሉ፤ በ1977 ደግሞ ወርቅ የተቀባ የብር ታንክ ረከስ ባለ ዋጋ ወጣ። ጦርነቱ ግን ጨርሶ አልለቀቀውም። ዣክሊን ኬኔዲ የነበራት ታንክ ከእህቷ ባል የተሰጣት ነበር። ያን ጊዜ ባሏ ፕሬዚዳንቱ የባሕር ወለድ መኮንኖች ፈተና የነበረውን የ50 ማይል የእግር ጉዞ እንደገና አንሥቶት ነበርና፣ አማቿ የካቲት 23 ቀን 1963 ያንን ተጓዘ። የተነሣበትና የደረሰበት ሰዓት በቀፎው ጀርባ ተቀርጿል፤ በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ5 እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ከ35። ሰዓቱ በ2017 በጨረታ በ379,500 ዶላር ተሸጠ።