የቀንድ እጀታ፤ ስለ አሮጌ ጐራዴዎች አጠባበቅ

በየካ የሚገኘው ካራ በስሙ ስለትን ያስታውሳል፤ የዚህ ጥናት ነገር ግን እጀታው እንጂ ስለቱ አይደለም። ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ በዚያው የተራራ ሰንሰለት ላይ፣ ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ ማርያም ትገኛለች። በዚያ ዘመን መኳንንቱ ከሚታጠቁት ጐራዴ ብዙው ስለቱ ከውጭ አገር፣ ይልቁንም ከጀርመን ከዞሊንገን የመጣ ሲሆን፣ አንዳንዱ የአንበሳ ምስልና የአማርኛ ጽሕፈት ተቀርጾበታል። እጀታውንና ሰገባውን ግን ያገራችን ባለሙያ ይሠራው ነበር። ስለዚህ የኢትዮጵያን እጅ የሚፈልግ ተመራማሪ ከስለቱ ይልቅ እጀታውን ቢመረምር ይበጀዋል።

ከሁሉ የተከበረው እጀታ ከአውራሪስ ቀንድ የተጠረበው ነው። እጅ የሚከላከል ብረት ብዙውን ጊዜ የለበትም፤ መከላከል የጋሻ ሥራ ነበርና።

በጃፓን ነገሩ ሌላ ነው። በስለቱና በእጀታው መካከል ጹባ የሚባል ክብ ብረት ይገባል። በ1876 እ.ኤ.አ. ሰይፍ ታጥቆ በአደባባይ መሄድ ከጥቂቶች በቀር ለሁሉ በተከለከለ ጊዜ ብዙ ጹባ ከሰይፉ ተለይቶ የሰብሳቢዎች ዕቃ ሆነ። እነርሱም ጥቁሩን የብረት ገጽ አይፈትጉም፤ አንጥረኛው ሆነ ብሎ ያወጣው ቀለም ነውና። ቀይ ዝገት ሲታይ ብቻ በአጥንት ወይም በቀንድ ስባሪ ቀስ ብለው ያነሡታል፤ ከዚያ በጨርቅ ያሹታል።

በእኛ ዘንድ የብሩን ጌጥ በአመድና በሎሚ ፈትጎ ማብረቅረቅ እንደ ክብካቤ ይቆጠራል። እኔ ግን ጥፋት ነው እላለሁ፤ በየጊዜው ከብሩም ከቅርጹም ጥቂት ይወስዳል። ቀንድ ደግሞ በተፈጥሮው የጥፍርና የጠጉር ዘመድ ስለ ሆነ ነፍሳት ይበሉታል። ፀሐይና የእሳት ዳር ይሰነጥቁታል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው እንጦጦ የክረምቱ እርጥበትና የበጋው ድርቀት ሲፈራረቁበትም ይጎዳል። በቅቤ መቀባት አቧራና ተባይ ይጠራል። ጥላ፣ ነፋሻ ቦታና ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይበቁታል። ስለቱን ስስ ዘይት መቀባት መልካም ነው፤ ነገር ግን ቆዳ እርጥበት ስለሚይዝ ከሰገባው ውጭ ይቀመጥ። ሁለቱ እንዳይለያዩ በአንድ ቁጥር ይመዝገቡ።

የተሰነጠቀውን እጀታ አውጥቶ በበሬ ቀንድ መተካትስ? አውራሪስ ከኢትዮጵያ ጠፍቷል፤ የቀንዱም ዓለም አቀፍ ንግድ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታግዷል። የወጣው እጀታ ሌላ አይገኝለትም። የኢትዮጵያ ተዋጊ ሰይፉን በቀኝ ጐኑ ይታጠቅ ነበር፤ እጁ የጨበጠው ቀንድ በላብ ጠቁሮና ለስልሶ ይታያል። ያንን ጥቁረት እንደ እድፍ አጥቦ የሚያነሣ ሰው የሚያነሣው የባለቤቱን አሻራ ነው።