ስሙ የማን ነው? የሰርቨር አድራሻ አስተዳደርና የተዘነጋው የሳልትዘር ክርክር

የድርጅት ኔትወርክ አስተዳዳሪዎች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ክርክር አለ፤ የሠራተኞች ኮምፒውተሮች ሰርቨሩን በአይፒ አድራሻው ይጥሩት ወይስ በስሙ? የዚህ መጣጥፍ አቋም ጥያቄው ከመነሻው ተዛብቷል የሚል ነው። ቁጥር ወይም ፊደል መጻፋችን ለውጥ አያመጣም፤ ለውጥ የሚያመጣው የጻፍነው ነገር አገልግሎቱን፣ ማሽኑን ወይስ ማሽኑ ከኔትወርኩ ጋር የተገናኘበትን ነጥብ የሚጠራ መሆኑ ነው። ስምን ወደ አድራሻ የሚመልሰው የዲኤንኤስ ሥርዓት ታሪክ ራሱ ብዙ አያከራክርም። የአርፓኔት ኮምፒውተሮች ስምና አድራሻ በኤስአርአይ የምርምር ተቋም በአንድ ፋይል ተይዞ ይሠራጭ ነበር፤ ኔትወርኩ ሲሰፋ ፋይሉ አልበቃ አለ፤ ፖል ሞካፔትሪስ በ1983 (እ.ኤ.አ.) ያቀረበው ሥርዓትም በ1987 አርኤፍሲ በሚባሉት የበይነመረብ ሰነዶች ቁጥር 1034 እና 1035 ዛሬ የምናውቀውን መልክ ያዘ።

ጠቡ ያለው ከዚያ በፊት በተጻፈው ላይ ነው። ጆን ሾክ በ1978 ባቀረበው ጽሑፍ ስም የምንፈልገውን ነገር፣ አድራሻ ያለበትን ቦታ፣ መንገድ ደግሞ እንዴት እንደምንደርስበት ይነግረናል ብሎ ከፋፈለ። ክፍፍሉ ለማስታወስ ቀላል በመሆኑ በየመማሪያው ተሠራጨ፤ ስም ለሰው የተመቸ ጽሑፍ፣ አድራሻ ለማሽን የተመቸ ቁጥር ነው የሚል ልማድም አብሮት ጸና። ጀሮም ሳልትዘር በ1982 የጻፈውና በ1993 አርኤፍሲ 1498 ሆኖ እንደገና የታተመው ጽሑፍ የሾክን ሥራ እንደ መነሻ ተቀብሎ መሠረቱን ግን ያናጋዋል። በሳልትዘር አስተሳሰብ በኔትወርክ ውስጥ የሚጠሩ ነገሮች አራት ናቸው፦ አገልግሎት፣ ማሽን፣ የግንኙነት ነጥብና መንገድ። እያንዳንዳቸው በሚነበብ ጽሑፍም በቁጥርም ሊጠሩ ይችላሉ፤ ስለዚህ መነበብ አለመነበቡ መለያ ሊሆን አይችልም። መለየት ያለባቸው በመካከላቸው ያሉት ትስስሮች ናቸው፦ አገልግሎቱ በየትኛው ማሽን ላይ ይሠራል? ማሽኑ በየትኛው ነጥብ ተገናኝቷል? ወደዚያ ነጥብ የሚያደርሰው የትኛው መንገድ ነው? እያንዳንዱ ትስስር ሌላውን ሳይነካ መለወጥ መቻል አለበት።

የዚህ ልዩነት ዋጋ ተራ በሆነ ቢሮ ውስጥ ይታያል። የሒሳብ ሶፍትዌር፣ የጋራ ፋይሎችና የሕትመት አገልግሎት 192.168.10.5 በሆነ አንድ ሰርቨር ላይ ቢሠሩና ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ይህን ቁጥር ቢይዙ፣ ሒሳቡን ብቻ ወደ አዲስ ማሽን ማዛወር የሚቻለው እያንዳንዱን ኮምፒውተር በመንካት ነው። አዲሱ ማሽን የአሮጌውን ቁጥር ይውረስ ከተባለ ደግሞ ሁለቱን ጎን ለጎን አሠርቶ መፈተሽ አይቻልም፤ ሦስቱም አገልግሎቶች አብረው ለመሄድ ይገደዳሉ። የሾክ ተከታይ ስም ተጠቀሙ ይላል። ነገር ግን ስሙ «ሰርቨር አንድ» ከሆነ ሦስቱ አገልግሎቶች እንደተጣበቁ ናቸው፤ ስሙ የማሽኑ እንጂ የሒሳቡ አይደለምና። መፍትሔው ሁለት እርከን ነው፤ የአገልግሎቱ ስም በሲኔም ሪከርድ ወደ ማሽኑ ስም፣ የማሽኑ ስም በኤ ሪከርድ ወደ አድራሻው ያመላክት። አድራሻው በእጅ ይሰጥ ወይስ በዲኤችሲፒ ይያዝ የሚለው የተለመደ ሙግት የሚነካው ሁለተኛውን ትስስር ብቻ ስለሆነ፣ የተሰጠውን ያህል ክብደት አይገባውም።

ዲኤንኤስ ራሱ ለሳልትዘር ይመሰክራል። የኢሜይል ዶሜይን ከመልእክት ተቀባዩ ማሽን የተለየው በ1986 በወጣው አርኤፍሲ 974 በተብራራው የኤምኤክስ ሪከርድ ነው። በ2000 የወጣው አርኤፍሲ 2782 ይህንኑ ሐሳብ በኤስአርቪ ሪከርድ ለሌሎች አገልግሎቶች አሰፋ፤ የማይክሮሶፍት አክቲቭ ዳይሬክተሪም ዶሜይን ኮንትሮለሮቹን የሚያስገኘው በዚሁ ሪከርድ ነው። የማሽኑን ስም በየኮምፒውተሩ የሚጽፍ አስተዳዳሪ በየቀኑ የሚገለገልበትን መርህ ለገዛ ሥራው ይነፍጋል።

ተቃውሞዎቹ ይታወቃሉ። ካሽ አሮጌ አድራሻ ይይዛል ይባላል፤ ዝውውሩ ከመድረሱ ከአንድ ቀን በላይ አስቀድሞ ቲቲኤሉን (ካሹ አድራሻውን የሚይዝበትን ጊዜ) ከ86400 ሰከንድ ወደ 300 ማውረድ ይበቃል። የቲኤልኤስ ሰርተፍኬትና ኬርቤሮስ በሌላ ስም ሲጠሩ ያስቸግራሉ ይባላል፤ የአገልግሎቱ ስም በሰርተፍኬቱና በኬርቤሮስ ምዝገባው ውስጥ ይካተት። ዲኤንኤስ ሲወድቅ ሁሉም ይወድቃል የሚሉ ደግሞ የጥቅምት 4 ቀን 2021 (እ.ኤ.አ.) የፌስቡክ መቋረጥን ይጠቅሳሉ። ያን ዕለት መጀመሪያ የወደቀው የኩባንያው የዳታ ማዕከሎች ማገናኛ መስመር ነበር፤ የስም ሰርቨሮቹ ከበይነመረብ የጠፉት በዚያ ሰበብ ነው። መንገዱ ለተቆረጠበት ሰው ቁጥሩን ማወቁ አይጠቅመውም። እርግጥ የዲኤንኤስ ሰርቨሮች አድራሻ ቋሚ መሆን አለበት፤ የኤምኤክስ ሪከርድም ወደ ሲኔም ማመላከት የለበትም፤ አንድ ሰርቨርና ጥቂት ኮምፒውተሮች ብቻ ላሉት ቢሮም ሁለቱ እርከኖች ቅንጦት ሊመስሉ ይችላሉ። እነዚህ የደንቡን ወሰን ያመለክታሉ፤ ደንቡን አይሽሩም። የድርጅት ኔትወርክ መዝገብ ከማሽኖች ዝርዝር መጀመሩን ትቶ ከአገልግሎቶች ዝርዝር ይጀምር፤ ማሽኑ ይለወጣል፣ አድራሻውም ይለወጣል፤ ሒሳብ ክፍሉ የሚጠራው ስም ግን የሚለወጥበት ምክንያት የለም።