ከአቪላ ተራራ ግርጌ፦ የናዳ ጎርፍና የመሐንዲስ መዝገብ

በደረቅ ወንዝ ዳር የተቆረቆረ ከተማ ለአገራችን መሐንዲስ እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1902 የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ የሐረርን ዳገት መውጣቱን ትቶ ከግርጌው ሲደርስ ድሬዳዋ ተቆረቆረች፤ ደቻቱም የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ሰውና እንስሳ የሚመላለስበት የአሸዋ መንገድ ሆኖ ከዚራን ከመጋላ ሲለይ ኖረ። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለ30 አጥቢያ ከደጋው የወረደው ጎርፍ በአንድ ሌሊት ከ250 የማያንሱ ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ።

ይህን የመሰለ አደጋ በተነሣ ቁጥር «ያልታሰበ» የሚለው ቃል ይደጋገማል። ቃሉ ምን ያህል እውነትነት እንዳለው ለመመርመር፣ በአቀማመጡ ከድሬዳዋ ጋር የሚቀራረብ፣ በልኬት ግን እጅግ የተጠና አንድ ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። ይኸውም በቬኔዙዌላ፣ ያን ጊዜ ቫርጋስ ይባል በነበረው በዛሬው የላ ጓይራ ግዛት የደረሰው ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከካራካስ በስተ ሰሜን የአቪላ ተራራ እንደ ግንብ ቆሟል። ናይጓታ የተባለው ጫፉ 2,765 ሜትር ከፍታ ሲኖረው፣ ከዚያ እስከ ካሪቢያን ባሕር ያለው አግድም ርቀት ግን ከ10 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው። ስለዚህ ወንዞቹ አጫጭሮች፣ ቁልቁለታቸውም የበረታ ነው። በተራራውና በባሕሩ መካከል ቤት ለመሥራት የሚመች ሜዳ የሚገኘው በአብዛኛው ወንዞቹ ከሸለቆ አፍ ሲወጡ እንደ ተዘረጋ ማራገቢያ በከመሩት ደለል ላይ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ሰው የሰፈረበትን መሬት የሠራው ጎርፉ ራሱ ነው።

በፌብሩዋሪ 1798 በላ ጓይራ ወደብ ከባድ ጎርፍ ወረደ። የእስፓኝ ወታደሮች ከላይ የሚመጣው ናዳ ወደ ምሽጋቸው እንዳይገባ ወደ ተራራው የሚያየውን በር በመድፍ ዘግተው ነበር ይባላል። መድፍ ለዚህ አገልግሎት ሲውል ያየሁት በዚህ ታሪክ ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በሥፍራው ያለፈው ጀርመናዊው ሊቅ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት፣ በዘወትር ጥቂት ውኃ ብቻ የሚወርድበት ያ ጅረት ተራራው ላይ ለ60 ሰዓት ያህል ከዘነበ በኋላ የዛፍ ግንድና ትልልቅ ድንጋይ ይዞ መውረዱን ጽፏል። እንግዲህ ነገሩ ከ200 ዓመት በፊት በጽሑፍ ሰፍሮ ነበር። በ1951 ደግሞ ሌላ ጎርፍ መጣ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ግን የሳን ሁሊያን ወንዝ የሠራው የካራባዬዳ ደለል ሜዳ በመኖሪያ ቤቶችና ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃዎች ተሞላ። ባሕሩ ቅርብ፣ ነፋሱ ቀዝቃዛ፣ መሬቱም ለግንባታ የቀለለ ነበርና ይህ የሚያስገርም አይደለም።

በ1999 በዲሴምበር መጀመሪያ በዘነበው ዝናብ የተራራው አፈር ረስርሶ ነበር። ቀጥሎ ከ14 እስከ 16 በማይኬቲያ አውሮፕላን ማረፊያ በ52 ሰዓት ውስጥ 911 ሚሊ ሜትር ዝናብ ተለካ። የዚያ ጠረፍ የዓመት ዝናብ በአማካይ ከ500 ሚሊ ሜትር እምብዛም አይርቅም። በ16ኛው ቀን ጧት በአንድ ሰዓት ውስጥ ብቻ 72 ሚሊ ሜትር ወረደ። ወሩም የዝናብ ወር አልነበረም።

በቀጭን አፈር የተሸፈነው ገደላማ ተዳፋት በሺህ በሚቆጠር ሥፍራ ተንሸራተተ። ከየአቅጣጫው የወረደው አፈር በጅረቶቹ ውስጥ ከውኃው ጋር ሲደባለቅ ከውኃ ይልቅ ወደ ተቦካ ጭቃ የቀረበ ነገር ሆነ። እዚህ ላይ የሒሳባችን ደካማ ጎን ይታያል። ድልድይና ቦይ ስንነድፍ የምንገምተው የውኃውን መጠን ነው። የናዳ ጎርፍ ግን ክብደቱ ከውኃ እጅግ ስለሚበልጥ ቋጥኝ እያንሳፈፈ ይሄዳል፤ በወንዙ ወለል ያገኘውን ድንጋይ እየሰበሰበም መጠኑን በየመንገዱ ያሳድጋል። ቁልቁለቱ ሲላላ የተሸከመውን ይጥላል፤ የጣለው ቦዩን ሲደፍነውም ተከታዩ ማዕበል አዲስ መንገድ ይፈልጋል፤ ይህም መንገድ የከተማው ጎዳና ይሆናል። በካራባዬዳ የሆነው ይኸው ነው። ከ15 ምሽት እስከ 16 ጧት በተደጋጋሚ ማዕበል የወረደው ናዳ ከአንድ ሚሊዮን ኩብ ሜትር በላይ ደለል በሜዳው ላይ ከመረ። 10 ሜትር ርዝመትና ከ300 ቶን በላይ ክብደት ያላቸው ቋጥኞች በሕንፃዎች መካከል ቆመው ተገኙ። የሟቾቹ ቁጥር በወቅቱ ከ10,000 እስከ 30,000 ተገመተ፤ ኋላ የመረመሩት ሰዎች ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው ብለው ተከራክረዋል። ብዙው ሰው በደለል የተቀበረ ወይም ወደ ባሕር የተወሰደ በመሆኑ እርግጠኛውን ቁጥር ማወቅ አልተቻለም።

የሒሳብ ሊቃውንት ይህን ዝናብ ከ1999 በፊት በማይኬቲያ በተመዘገበው የዕለት ዝናብ ሲመዝኑት ያገኙት ውጤት ለሙያችን ሊዘነጋ የማይገባው ነው። ሁላችን በተማርነው በጉምቤል ዘዴ ሲሰላ፣ ከአደጋው ዕለታት ትልቁ ዝናብ የሚደገመው ከ17 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ዘዴው ሰፋ ብሎ የመዝገቡን ጫፍ በነፃነት እንዲከተል ሲደረግ ቁጥሩ ወደ 4,000 ዓመት ገደማ ይወርዳል፤ የግምቱ ጥርጣሬ ራሱ ወደ ስሌቱ ሲገባ ደግሞ በመቶ ወደሚቆጠር ዓመት ይጠጋል። መዝገቡ አንድ ነው፤ የተለየው እኛ የመረጥነው ቀመር ነው። ስሌቱ ስለ ዝናብ እንጂ ስለ ናዳ እንዳልሆነ እቀበላለሁ። ይሁን እንጂ አጥኚዎች የካራባዬዳን ሜዳ በመረመሩ ጊዜ፣ በ1999 ከወረዱት የማይተናነሱ፣ እንዲያውም የሚበልጡ የጥንት ቋጥኞችን በዚያው ደለል ውስጥ አግኝተዋል። ለቤት መሠረት የቆፈረ ሰው ሁሉ ያያቸው ነበር። የግማሽ ምዕት ዓመት የዝናብ መዝገብ ይዞ ከእግር በታች ያለውን የሺህ ዓመታት መዝገብ አለማንበብ ለእኔ «ያልታሰበ» በሚለው ቃል የሚሸፈን አይደለም።

ከአደጋው በኋላ የቬኔዙዌላ መሐንዲሶች በሸለቆዎቹ ውስጥ ደለል የሚያግዱ በርካታ ግድቦች ሠሩ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ደለል የሚያግዱ ሙሉ ግድቦች፣ ሌሎቹ ትንሹን ደለል አሳልፈው ቋጥኙን የሚያስቀሩ ክፍት ግድቦች ነበሩ። በፌብሩዋሪ 2005 ሌላ ከባድ ዝናብ ሲጥል ከግድቦቹ በርካታዎቹ በአንድ ጊዜ በደለል ሞሉ። የሞላ ግድብ የወንዙን ወለል ከፍ ከማድረግ በቀር ለሚቀጥለው ናዳ ቦታ የለውም። ጠረጋውም መንገድ፣ መኪናና ቋሚ በጀት ይጠይቃል፤ በዚያ ገደል ውስጥ ግድቡ ዘንድ የሚያደርስ መንገድ ማውጣት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

በደቻቱ ዳር ከ1998 ዓ.ም. በኋላ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል። የግንቡ ከፍታ በንድፉ ላይ የሚታወቀው ከአሸዋው ወለል ተነሥቶ ነው፤ አሸዋው ግን በየክረምቱ ይጨምራል ወይም ይጠረጋል። በአንድ ቋሚ ምልክት ላይ ተነሥቶ ይህን ወለል ከእያንዳንዱ ክረምት በፊትና በኋላ መለካት ለሁለት ቀያሾች የጥቂት ቀናት ሥራ ነው።