ሺንግዪ፦ የሲራራ ነጋዴ ጠባቂዎች ቡጢ

ገንዘብ ይዞ ረጅም መንገድ የሄደ ነጋዴ ፍርሃቱን ያውቀዋል። በሰሜን ቻይና የሻንሺ ነጋዴዎችም ያውቁት ነበር። ከደቡብ የገዙትን ሻይ በጀልባ፣ በጋሪና በግመል እያጓጓዙ በሩሲያ ድንበር ላይ እስካለችው ኪያኽታ ያደርሱ ነበር። በየከተማው ባሉት ሱቆቻቸው መካከል የሚመላለሰውም ጥሬ ብር ነው፤ ሽፍታ ደግሞ መንገዱን ከነጋዴው እኩል ያውቃል።

ስለዚህ «ቢያዎጁ» የሚባሉ የጠባቂ ቤቶች ተከፈቱ። ዕቃው ቢዘረፍ የሚከፍለው የጠባቂው ቤት ነው። አንድ ዝርፊያ ቤቱን ሊዘጋው ስለሚችል የሚቀጠረው ሰው ክንዱ ብቻ ሳይሆን ስሙም ይመረመር ነበር። ከእነዚህ ጠባቂዎች ጋር ስማቸው ከሚነሣ የትግል ጥበቦች አንዱ ሺንግዪ ነው።

ተማሪዎቹ ጥበቡን የጀመረው የ12ኛው ክፍለ ዘመን የጦር አለቃ ዩዌ ፌይ ነው ይላሉ። የታሪክ አጥኚዎች ግን ይህን አፈ ታሪክ ነው ብለው፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወደነበረው የሻንሺ ሰው ወደ ጂ ጂከ ያመለክታሉ። ጂ ጦር በመስበቅ የታወቀ ነበር፤ ያንኑ ዘዴ ወደ ባዶ እጅ አዞረው ይባላል። በኋላ በቺ አውራጃ የዳይ ቤተሰብ ጥበቡን ለውጭ ሰው ሳይሰጥ ያዘው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሄቤይ የመጣው ሊ ሉኦኔንግ ከእነሱ ተምሮ ለብዙዎች አስተማረው።

«ሺንግ» ቅርጽ፣ «ዪ» ሐሳብ ማለት ነው፤ ሐሳብ ያሰበውን አካል ወዲያው ይፈጽም ለማለት ነው። የጦር ልጅነቱ በአካሄዱ ይታያል፦ አይዞርም፣ አይዘልም፣ በቀጥታ ወደፊት ይገባል። መሠረቱ አምስት ምት ነው፤ እንደ መጥረቢያ የሚፈልጥ፣ ከታች ወደ ላይ የሚሰረስር፣ እንደ ቀስት የሚወረወር፣ እንደ መድፍ የሚፈነዳ እና አግድም የሚመታ። ከዚያ የ12 እንስሳት እንቅስቃሴ ይከተላል። ጀማሪ ግን ገና ቡጢ ሳይሰነዝር በአንድ አቋቋም ላይ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ይለማመዳል። የሊ ተማሪ ጉኦ ዩንሸን በግማሽ እርምጃ በሚሰነዝረው አንድ ምት ብቻ ስሙ ገንኗል።

የሚገርመው፣ የጠባቂው ሙያ ዋና ሕግ አለመጣላት ነበር። የቤቱን ባንዲራ ሰቅሎ፣ ስሙን እየጠራ፣ በየመንገዱ ካሉ ኃይለኞች ጋር ሰላምታና ስጦታ እየተለዋወጠ ያልፋል። ቡጢው የመጨረሻው ነው።

ሙያውን ያጠፋው ሽፍታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1823 በፒንግያዎ ከተማ ሪሸንግቻንግ የተባለው ቤት በአንድ ከተማ ብር ተቀብሎ በሌላው በወረቀት መክፈል ጀመረ፤ እኛ ሐዋላ የምንለው ዓይነት ነው። ኋላም ባቡር መጣ፤ የጠባቂ ቤቶቹ ተዘጉ። ጥበቡ ግን ወደ ማስተማሪያ ቤት ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1928 በናንጂንግ የተቋቋመው የመንግሥት የትግል ጥበብ ተቋምም አስተምሮታል።

ብሩን ያሻገረው ግን በመጀመሪያ ባንዲራው ላይ የተጻፈው ስም ነበር። ወረቀቱንም ያስከበረው ያው ስም ነው።