ፀረ እንግዳ አካል እንደ መመርመሪያ መሣሪያ፦ ከነፍሳት አንጎል እስከ ካፋ ወንዞች

ፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) ከሰውነት መከላከያነቱ ባሻገር የምርምር መሣሪያ ከሆነ ከሰማንያ ዓመታት በላይ አስቆጥሯል። ለይቶ የሚጣበቅበት የሞለኪውል ቅርጽ ስላለው ከብዙ ሺህ ፕሮቲኖች መካከል አንዱን መርጦ ያሳያል። ይህ ጽሑፍ መሣሪያው በነፍሳት የነርቭ ሥርዓት ጥናት ያስገኘውን ዕውቀትና ያስተማረውን ጥንቃቄ፣ በካፋ ዞን ከሚካሄደው ኦንኮሰርካይሲስን የማጥፋት ሥራ ጋር አያይዞ ያወሳል። የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፖላንዳዊው ስቴፋን ኮፔች ከ1917 እስከ 1922 ባሳተማቸው ጥናቶች፣ የእሳት ራት አባጨጓሬ አንጎሉ አስቀድሞ ከወጣ ወደ ቀጣዩ የዕድገት ደረጃ እንደማይሸጋገር አሳየ። የነፍሳት አንጎል ሆርሞን እንደሚያመነጭ በዚህ ተጠቆመ። ሆኖም የሆርሞኑ መጠን እጅግ አነስተኛ በመሆኑ አመንጪውን ሴል ለይቶ ማየት አዳጋች ነበር። መንገዱን የከፈቱት ከሕክምና ምርምር የመጡ ዘዴዎች ናቸው። በ1941 አልበርት ኩንስና ባልደረቦቹ ፀረ እንግዳ አካልን ከሚያበራ ቀለም ጋር አጣመሩ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሮዛሊን ያሎውና ሰለሞን በርሰን በደም ውስጥ ያለን ኢንሱሊን ለኩበት፤ በ1975 ኮለርና ሚልስታይን ሞኖክሎናል ፀረ እንግዳ አካልን አመረቱ።

በ1979 ሃነ ዱቭና አለን ቶርፕ የኢንሱሊንን ፀረ እንግዳ አካል በዝንብ አንጎል ላይ ሲጠቀሙ ጥቂት ሆርሞን አመንጪ ሴሎች ደምቀው ታዩ። የታየው ራሱ ኢንሱሊን ነው ወይስ የሚመስለው ሌላ ሞለኪውል? ይህን ፀረ እንግዳ አካሉ ብቻውን ሊመልስ አይችልም ነበር። በ1984 የጃፓን ተመራማሪዎች ከሐር ትል ያጣሩትን ሆርሞን የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል ሲያነቡ የኢንሱሊን ዘመድ ሆኖ ተገኘ።

በኢንዛይም ረገድም ትምህርቱ ተመሳሳይ ነው። ኦርጋኖፎስፌት የነፍሳትንም የሰውንም አሴታይልኮሊንኤስተሬዝ ያግዳል። የታገደው ኢንዛይም ሥራውን ቢያቆምም ፕሮቲኑ ስለሚቀር ፀረ እንግዳ አካል ሊያገኘው ይችላል። ስለሆነም የፕሮቲኑ መኖር ለሥራው ዋስትና አይሆንም፤ በመመረዝ ጊዜ የሚለካውም የኢንዛይሙ ሥራ ነው።

ይህ ጥንቃቄ ለካፋ ሩቅ አይደለም። ኦንኮሰርካይሲስ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ መኖሩን ጣሊያናውያን መርማሪዎች በ1939 ዘግበዋል። በሽታውን የምታስተላልፈው ጥቁር ዝንብ በፈጣን ወንዞች ትራባለች። በ2001 በካፋና በሸካ ኅብረተሰቡ ራሱ የሚመራው የአይቨርሜክቲን እደላ ተጀመረ፤ በ2010ዎቹ የአገሪቱ ዓላማ ከቁጥጥር ወደ ማጥፋት ተሸጋገረ።

እደላው መቼ ይቁም የሚለውን ለመወሰን የሰው ደም ኦቪ-16 ለተባለው የትሉ ፕሮቲን ፀረ እንግዳ አካል እንዳለው ይመረመራል። በአዋቂ ደም የሚገኘው የቀድሞ ልክፍት አሻራ ሊሆን ስለሚችል፣ የዓለም ጤና ድርጅት የ2016 መመሪያ ከ10 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መርጧል፤ መጠኑ ከ0.1 በመቶ በታች መሆን አለበት። ይህም ብቻውን አይበቃም፤ የጥቁር ዝንቦች ራስ ለትሉ ዲ.ኤን.ኤ ይፈተሻል።

በቦንጋና በአካባቢዋ የደም ናሙና የሚወስድ የጤና ባለሙያ የሚይዘው ማስረጃ ከባድ ውሳኔ ይከተለዋል። እደላው ያለጊዜው ከቆመ በሽታው ሊያገረሽ፣ ካስፈላጊው በላይ ከቀጠለም የኅብረተሰቡ ድካም ያለጥቅም ሊባክን ይችላል። ስለዚህ የሕፃናቱ የደም ውጤትና የዝንቦቹ ምርመራ ጎን ለጎን ሊነበቡ ይገባል።